ቆስጣውን እንብላው ወይስ እንተወው? ከባድ ብረቶች በአቃቂ ውሃ፣ በዋልካ አፈርና በሕያዋን ውስጥ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተወሰደ ነው። መጠነኛ የቋንቋ እርማት ብቻ ተደርጎበታል።)



የአፈር ኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቁ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ በሰርግም ሆነ በለቅሶ ቤት ሲያገኙኝ አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ አይለቁኝም። በአቃቂ ውሃ የለማውን ቆስጣ እንብላው ወይስ እንተወው? ይላሉ። ለብዙ ዓመታት የሰጠሁት መልስ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማታ ምን እንደምትሠራ ለምታስብ የቤት እመቤት ምንም አይፈይድላትም። ዛሬ ይህችን «እንደ ሁኔታው» የምትል ቃል ፈትቼ፣ ሁኔታው ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከወንዙ ልጀምር። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋርጧታል። ከተራራው ሲወርዱ ንጹሕ የነበሩት ምንጮች በየሰፈሩ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የልብስ ማጠቢያ ሳሙናና የፋብሪካ ዝቃጭ እየተቀበሉ ይጓዛሉ። በዳርና ዳራቸው ላይ ገበሬዎች ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን ያለማሉ፤ ከተማይቱ የምትመገበው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባል ድርሻ ከእነዚህ መደቦች የሚነሣ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው አባ ሳሙኤል ላይ ይጠራቀማል፤ ከአባ ሳሙኤል አልፎም አዋሽን ይቀላቀላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማናስበው አንድ የመልክዓ ምድር እውነት አለ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ቆቃን አልፎ፣ ስምጥ ሸለቆን ተከትሎ፣ የአፋርን ሜዳ አቋርጦ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ዓባይ አፈራችንን ይዞ ይሄዳል ብለን ስናማርር ኖረናል፤ አዋሽ ግን የተሰጠውን ይዞ የሚወጣበት በር የለውም። አዲስ አበባ ላይ የተደፋ እርሳስ ወይም ካድሚየም የሚያርፈው በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ ወይ ደለል ውስጥ፣ ወይ ማሳ ውስጥ፣ ወይ ሕያው አካል ውስጥ። የቤት ፍሳሽን ባክቴሪያ በጊዜ ብዛት ያብላላዋል። ብረት ግን ንጥረ ነገር ስለ ሆነ ከዚያ በታች የሚበላለት ነገር የለም። መልኩን ይለውጣል፣ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

መልኩን መለወጡን በክሮሚየም ላይ ላሳያችሁ። በተለመደው አሠራር ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ከከበሮው ውስጥ ከሚገባው ክሮሚየም ቆዳው የሚይዘው ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነውን ነው፤ ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ይህ ክሮሚየም ባለ ሦስት ነው። ፒኤቹ ለገለልተኛ በቀረበ ውሃ ውስጥ ይረጋል፣ ከደለልና ከጭቃ ጋር ይጣበቃል፣ ተክልም ብዙ አይወስደውም። በዚህ መልኩ ከቆየ የሚያሠጋው ጥቂት ነው። ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በውሃ ይሟሟል፣ በአፈር ውስጥ በነጻነት ይጓዛል፤ ቅርጹም ሰልፌትን ስለሚመስል ሕዋስ በሰልፌት በር ያስገባዋል። ከገባ በኋላ ወደ ባለ ሦስትነት ሲመለስ በመንገዱ ላይ ዘረመሉን ይጎዳል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባለ ስድስቱን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ከአንደኛው ምድብ ሲያኖረው፣ ባለ ሦስቱን በዚያ ምድብ አላስገባውም።

እንግዲህ ጥያቄው አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል ወይ የሚል ነው። ይለወጣል። በአፈር ውስጥ ያሉ የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ባለ ሦስቱን ወደ ባለ ስድስት ሊያሻግሩት እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ1979 ባርትሌትና ጄምስ አሳይተዋል። በአንጻሩ የበሰበሰ ተዋጽኦና ባለ ሁለት ብረት ባለ ስድስቱን ወደ ባለ ሦስት ይመልሱታል። ስለዚህ ፍግና ብስባሽ የበዛበት መደብ እና ተዋጽኦው ያለቀበት መደብ፣ ያንኑ ውሃ ቢጠጡም አንድ ዓይነት አደጋ የለባቸውም። «ጠቅላላ ክሮሚየም ይህን ያህል ነው» የሚል የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን የነገሩን እኩሌታ እንደሚደብቅ እዚህ ላይ ልብ በሉ።

ስለ ናሙና አወሳሰድ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ልናገር፤ ስሕተቱ የራሴም ስለ ነበረ በድፍረት እናገራለሁ። ተማሪ ሳለሁ ከወንዝ የቀዳሁትን ውሃ በማጣሪያ ወረቀት አሳልፌ ከመረመርኩ በኋላ «ውሃው ያን ያህል አልተበከለም» ብዬ ጻፍሁ። አማካሪዬ ወረቀቱን የት እንደ ጣልሁት ጠየቁኝ። ብረቱ ከጭቃው ጋር ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ኖሮ! ፋብሪካም ፍሳሹን ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን አይለቅም፤ ሥራው በዙር በዙር ስለ ሆነ ወንዙ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ገበሬው ይህን በቀለሙና በሽታው ያውቀዋል፣ ውሃው ሲከፋ ቦዩን የሚዘጋም አለ። እኛ ግን ረፋድ ላይ በመኪና ደርሰን፣ አንድ ጠርሙስ ቀድተን እንመለሳለን።

አሁን ወደ ማሳው እንግባ። ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ስሌት አብራችሁኝ ተከታተሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ ያስቀመጠው የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። አንድ ሄክታር አትክልት በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይጠጣ እንበል። ውሃው በትክክል ጣሪያው ላይ ቢሆን እንኳ በዓመት 100 ግራም ካድሚየም ማሳው ላይ ይቀራል። የሄክታሩ የላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር ወደ 2,000 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ጭማሪው በየዓመቱ በኪሎ አፈር 0.05 ሚሊግራም ነው። ትንሽ ይመስላል። በ20 ዓመት ግን 1 ሚሊግራም ይሞላል፤ ብክለት ያልደረሰበት አፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው የሚይዘው። በአቃቂ ዳር ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ የለሙ መደቦች አሉ።

ስሌቱን ከሌላው ወገን እንየው። ከዚያው ሄክታር 20 ቶን እርጥብ ቅጠል ቢለቀም፣ በየኪሎውም 0.2 ሚሊግራም ካድሚየም ቢኖር፣ ሰብሉ ይዞ የሚወጣው 4 ግራም ብቻ ነው። መቶ ገብቶ አራት ይወጣል። የአንድ ዓመት መስኖ ያመጣውን ለማስወጣት ብቻ 25 ዓመት መልቀም ያስፈልጋል ማለት ነው። «የተበከለውን አፈር በተክል እናጽዳ» የሚሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳቦች በየዓመቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳሉ። ተስፋ ማስቆረጥ አልወድም፤ ይህን ስሌት ሳይሠሩ ግን እንዳይጀምሩ እመክራለሁ።

የአፈራችን ጠባይ በአንድ በኩል ይረዳናል። የአቃቂ ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው። በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ይህ ጥቁር ሸክላማ አፈር በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ አሉታዊ ሙል የበዛበት በመሆኑ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉትን አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ብረቶች አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ፒኤቹም ከገለልተኛ ብዙ አይርቅም። አሸዋማና ኮምጣጣ አፈር ቢሆን ኖሮ ብረቱ ወደ ሥር የሚሄደው ከዚህ በፈጠነ ነበር። ሆኖም ዋልካ መያዙን አይቶ «ጠባቂ» ማለት አይገባም፤ ጎተራ ነው። የጎተራው ቁልፍ ፒኤች ነው። አሞኒያ አዘል ማዳበሪያ እየበዛ አፈሩ ወደ ኮምጣጣነት ካዘነበለ፣ ወይም ጨው ያለው ውሃ ክሎራይድ ካመጣ፣ ተይዞ የነበረው ካድሚየም መልቀቅ ይጀምራል። የበጋው ስንጥቅም አለ። የመጀመሪያው ዝናብ በአፈሩ ጠጣር ክፍል ተጣርቶ ሳይሆን በስንጥቁ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ላይ ያለውንም አቧራና ዝቃጭ ይዞት ይገባል።

ተክሉ ካድሚየምን ለምን ይቀበለዋል? ዚንክና ካልሲየም ስለሚመስለው ነው። ለአስፈላጊዎቹ ንጥረ ነገሮች በተከፈተው በር መርዙ አብሮ ይገባል። ከገባ በኋላም ቅጠል ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ረገድ ቆስጣና ሰላጣ ከቲማቲም ይልቅ እጅግ የሚያሠጉ ናቸው፤ ፍሬ የሚቀበለው ከቅጠል ያነሰ ነው። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉትን ብረቶች መርምረው የጤና አንድምታውን አስረድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተከትለዋቸዋል። እርሳስ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከአፈር ወደ ሥር በቀላሉ አይሻገርም፤ ቅጠሉን የሚያገኘው በአብዛኛው በአቧራና በጭቃ ፍንጣሪ ነው። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ ከገበያ ወጥቷል፤ በመንገድ ዳር አፈር ላይ ያረፈው ግን ከዚያው አለ። ስለዚህ አጥብቆ ማጠብ እርሳሱን ይቀንሰዋል። ካድሚየሙ ግን ቅጠሉ ውስጥ ስለ ሆነ ማጠብ አያገኘውም፤ በሎሚም ሆነ በኮምጣጤ ብንዘፈዝፈው ያው ነው።

በሰው አካል ውስጥ ካድሚየም የሚሠራውን ዓለም በግልጽ ያየው በጃፓን ነው። በቶያማ ግዛት የጂንዙ ወንዝ ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ካድሚየም ይዞ ይወርድ ነበር፤ ገበሬዎቹም ሩዛቸውን በዚያ ውሃ ያለሙ ነበር። ይበልጡን የተጎዱት ብዙ ጊዜ የወለዱና ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ሲሆኑ፣ አጥንታቸው ከመሳሳቱ የተነሣ በጥቂት እንቅስቃሴ ይሰበር ነበር። በሽታውን «ኢታይ ኢታይ» አሉት፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» እንደ ማለት ነው። መንግሥት የበሽታው መነሻ ካድሚየም መሆኑን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ካድሚየም በጉበት ከሚመረት አንድ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ኩላሊት ይደርሳል፤ በዚያም ከ10 እስከ 30 ዓመት በሚደርስ ግማሽ ዕድሜ ይቀመጣል። የኩላሊቱ ቱቦዎች ሲጎዱ ሰውነት ካልሲየሙን መልሶ መያዝ ያቅተዋል፣ አጥንትም ባዶ ይቀራል። በብረት ማዕድን እጥረት የተጠቃ ሰው ደግሞ አንጀቱ ካድሚየምን ከሌላው አብልጦ ይመጥጣል። በአገራችን በዚህ እጥረት ማን ይበልጥ እንደሚጠቃ ታውቃላችሁ፤ ነፍሰ ጡሮችና ልጅ አጥቢዎች ናቸው።

ስለ ጂንዙ የነገርኋችሁ አቃቂን ከእርሱ ጋር እኩል ለማድረግ አይደለም። በዚያ ሕዝቡ በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላው ሩዝ ራሱ የተበከለ ነበር፤ የእኛ ዋና ምግብ ጤፍ ደግሞ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ ይመጣል። መጠን ወሳኝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የጋራ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያስቀመጡት ወሰን ለአንድ ወር በኪሎ የሰውነት ክብደት 25 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በቀን 50 ማይክሮግራም ይሆናል። የኮዴክስ ጣሪያ ለቅጠላ ቅጠል በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ስለ ሆነ፣ ጣሪያው ላይ ያለ ቆስጣ በየቀኑ ሩብ ኪሎ የሚበላ ሰው ከሌላ ምግብ አንዳች ሳይጨምር ወሰኑን ይሞላል። ቅጠሉ የጣሪያውን አራት እጥፍ ቢይዝ ደግሞ በቀን ስድሳ ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ጭልፋ የማይሞላ ወጥ ይበቃል። አልፎ አልፎ ለሚበላው ያን ያህል አያሠጋም፤ በጾም ወራት ከቀን ወደ ቀን ከአንድ መደብ የተለቀመ ጎመንና ቆስጣ ለሚበላ ቤተሰብ ግን ስሌቱ ይለወጣል።

በዚህ አጋጣሚ በጥናት ጽሑፎች ላይ በተደጋጋሚ የማየውን ግድፈት ልጠቁም። ላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው የደረቀ ቅጠል ነው፤ የኮዴክስ ጣሪያ ግን የተቀመጠው ለእርጥቡ ነው። ቅጠል ከመቶ 90 እጁ ውሃ በመሆኑ በደረቅ ክብደት 2 ሚሊግራም ማለት በእርጥብ 0.2 ማለት ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ «ከተፈቀደው አሥር እጥፍ በለጠ» ብሎ መጻፍ ሕዝብን በከንቱ ያስደነግጣል፣ ገበሬውንም ገበያ ያሳጣል። በሌላ ጊዜ እውነተኛ አደጋ ሲገኝ ደግሞ የሚሰማን እናጣለን።

እስካሁን ስለ ሰው ተናገርን። ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ታሪክ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን ይመለከታል። በእንግሊዝ አገር ዎበርን በተባለ የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1961 በአትክልት መደቦች ላይ ከከተማ ፍሳሽ የተገኘ ዝቃጭ እንደ ማዳበሪያ ይጨመር ነበር። ዝቃጩ ካድሚየም፣ ዚንክና መዳብ ነበረበት። መጨመሩ ከቆመ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ማክግራዝና ጊለር ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያው መደብ ላይ ነጭ ክሎቨር ዘሩ። ተክሉ ቀነጨረ። ሥሩ ሲታይ እባጮቹ ጥቃቅንና ነጭ ነበሩ፤ ናይትሮጅን የሚያስር ጤናማ እባጭ ግን ሲሰነጠቅ ቀላ ይላል። ከባክቴሪያዎቹ መካከል ብረቱን ተቋቁሞ የተረፈው፣ እባጭ ከማውጣት በቀር ናይትሮጅን ለማሰር የማይችለው ዝርያ ነበር። አፈሩ ለዓይን ደህና ነው፣ ተክሉም ይበቅልበታል፤ የመሬቱ የራሱ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግን ተዘግቷል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ክሎቨርን የሚያገለግለው ባክቴሪያና ባቄላን የሚያገለግለው ባክቴሪያ የአንድ ዝርያ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር የሚዘራው ገበሬያችን በዋልካ ላይ ከስንዴና ከጤፍ ጋር የሚያፈራርቃቸው መሬቱ እንዲያርፍ ነው፤ ማረፉም በእነዚያ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። በአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ ማሳዎች ላይ የባቄላ ሥር እየነቀለ እባጩ ቀይ ነው ወይስ ነጭ ብሎ የሚመለከት የማስተርስ ተማሪ ቢገኝ፣ ብላዋ፣ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት ብርቱ እግሮች ይበቁታል። እንደዚህ ርካሽና እንደዚህ ጠቃሚ ምርምር ብዙ አላውቅም። ወንዙ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከላይ፣ ከተማ ሳይገባ፣ ድንጋይ ብትገለብጡ ጅራታቸው ሦስት የሆነ የሜይፍላይ እጮች ታገኛላችሁ፤ ወደ ታች ስትወርዱ እነርሱ ይጠፉና ጭቃው ውስጥ የሚርመሰመሱ ቀያይ ትሎች ብቻ ይቀራሉ። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ስለ አባ ሳሙኤል አንድ ቃል። ደለሉን ጠርገን እናውጣው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል። ኦክሲጅን በሌለበት የሐይቅ ግርጌ ካድሚየም፣ ዚንክና እርሳስ ከሰልፋይድ ጋር ተሳስረው ተቀምጠዋል። ደለሉ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ማሰሪያው ይፈታል፣ ብረቱም ይለቀቃል። የወጣው ጭቃ ጥቁርና የለማ መስሎ ስለሚታይ «ለማዳበሪያ ይሆናል» ተብሎ ማሳ ላይ ቢበተን ዎበርንን በገዛ እጃችን መድገም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በወንዙ ዳር ማልማት ይከልከል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ገበሬው እንጀራውን ያጣል፤ ብረቱ ግን አልቆመም፣ ማሳው ላይ መቅረቱን ትቶ ወደ ቆቃ ይወርዳል። መቆም ያለበት ከፋብሪካው በር ነው። የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽን ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ሰብስቦ፣ ክሮሚየሙን በማግኒዚየም ኦክሳይድ አርግቶ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ እንደ ገና ለማልፊያ መጠቀም ይቻላል፤ የታወቀ አሠራር ነው። ከተቀላቀለ በኋላ ግን ማንም ሊለየው አይችልም። ሕጉም አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ለማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለው ሰው ኃላፊነቱን እንዲወስድ ያዛል። የጎደለው የሚለካ ሰው ነው፤ ረፋድ ላይ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ የሚሄድ ሳይሆን ሌትና ቀን በየሰዓቱ የሚቀዳ።

ለጎረቤቴ ደግሞ አሁን የምሰጣት መልስ ይህ ነው። ቆስጣውን ብዪው፤ ግን በየቀኑ አይሁን፣ ከአንድ ሻጭም ብቻ አትግዢ። በብዙ ውሃ እጠቢው፤ ለእርሳሱ ብቻ ብለሽ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ልጆችሽን ሊያሳምም የሚችለው ካድሚየም ሳይሆን የወስፋት እንቁላል ነው፤ ለዚህም ሰላጣውን ጥሬውን ከመብላት ቆስጣውን አብስሎ መብላት ይሻላል። ካሮትና ድንች ላጪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ደም ማነስ ካለብሽ ቅጠሉን ቀንሺና ጥራጥሬና ቲማቲም አብዢ። ከየት እንደ መጣም ሻጩን ጠይቂ፤ ሻጩ ባያውቀው እንኳ በተጠየቀ ቁጥር ለማወቅ ይሞክራል።

ሰዓቴን አልፌያለሁ መሰለኝ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ በተለይ የባቄላውን ሥር ማየት የሚፈልግ ተማሪ ካለ ከስብሰባው በኋላ ያግኘኝ።